የ«ጅብራ አገር» ሥዕላዊ መምሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የጅብራ አገር» በሚል ርእስ የወጡት አራት የልጆች መጻሕፍት በወሎ ደጋ ስለሚኖሩ፣ ስለሚናገሩና ጉባኤ ስለሚቀመጡ እንስሳት ይተርካሉ። የተከታታዩ ሥዕላዊ መምሪያ ከታተመ ወዲህ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልድያና ከወገል ጤና ወላጆች፣ መምህራንና ልጆች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከቆየሁ በኋላ ደጋግመው የመጡትን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ አንዳንዶቹን በአጭሩ፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ነገሩ ስለሚገባው በሰፊው መልሻለሁ።

መምሪያው ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? ታሪኩን ይቀጥላል?

አይቀጥልም። አራቱ መጻሕፍት ታሪክ ይተርካሉ፤ መምሪያው ግን ታሪኩ የሚካሄድበትን አገር ያሳያል። እመት ቀዮ የተባለችው ቀይ ቀበሮ በሌሊት ገደሉን ስትወርድ አንባቢው አብሯት ይወርዳል እንጂ፣ ገደሉ ስንት እርከን እንዳለው፣ በየትኛው እርከን ላይ ማን እንደሚያድር፣ ጫፉ ላይ የበቀለው ረጅም ተክል ምን እንደሚባል ለማየት ቆም አይልም። መምሪያው ለዚያ መቆም የተዘጋጀ ነው። በ96 ገጾቹ ውስጥ የአገሩ ካርታ፣ የየወገኑ የዘር ሐረግ፣ የእያንዳንዱ እንስሳ ሙሉ ሥዕል ከነእግር ዱካው፣ የሚበላው፣ የሚያድርበት፣ የሚፈራውና የሚናገርበት ለዛ ተሥሎና ተጽፎ ይገኛል።

የመምሪያው ሐሳብ ከየት እንደመጣ የጠየቁኝም አሉ። ተረቶቹን የጀመርኳቸው በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤታችን ወጥተን በሰው ቤት በተጠለልንባቸው ሌሊቶች፣ ልጆቼንና የተጠለልንበትን ቤት ልጆች ለማስተኛት ነበር። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ይሉኝና ይጀመራል። ማን ከማን ተጣልቶ ማን እንዳሸነፈ ስነግራቸው ግን ብዙም አይሞግቱኝም ነበር፤ የሚሞግቱኝ «ከዚያስ የት አደሩ? ምን በሉ? ትንሿስ ብርድ አልመታትም?» እያሉ ነው። ልጅ የተረት አገርን የሚያምነው ማደሪያውንና እራቱን ሲያውቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። መምሪያው ከዳር እስከ ዳር የእነዚያ ጥያቄዎች መልስ ነው።

አራቱን መጻሕፍት ያላነበበ ልጅ ከመምሪያው ሊጀምር ይችላል?

ይችላል። ካርታውን፣ የእንስሳቱንና የዕፅዋቱን ገጾች ማንም ልጅ ያለ ታሪኩ ሊያያቸው ይችላል። የዘር ሐረጉ ገጾች ግን በአራተኛው መጽሐፍ ማን እንደሚሞትና ማን እንደሚነግሥ ያሳያሉ፤ ታሪኩን ከነጉጉቱ ማንበብ የሚፈልግ ልጅ እነዚያን ገጾች ለኋላ ቢያቆያቸው ይሻላል። በቀላሉ እንዲለዩ ብለን መጨረሻ ላይ አስገብተናቸዋል።

እንደ ትምህርት ቤት አጋዥ መጽሐፍ ነው?

አይደለም። በየመጽሐፍ መደብሩ ለፈተና የሚሸጡት አጋዥ መጻሕፍት ጥያቄና መልስ ይዘው ተማሪውን ለፈተና ያዘጋጃሉ፤ ይህ መጽሐፍ ማንንም አይፈትንም። ስሙንም «አጋዥ» ከማለት «መምሪያ» ያልነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ እንግዳን በመንደር ውስጥ እየመራ «ይህ የእገሌ ደጅ ነው፣ ያ የእገሌ ማሳ ነው» እንደሚል ሰው ልጁን እጁን ይዞ እንዲያዞረው ነው የተፈለገው።

የጅብራ አገር የት ነው? ካርታው ላይ ያለው ገደል በእውነት አለ?

ካርታው የፈጠራ ነው፤ አጥንቱ ግን የወሎ ነው። አገሩን የከፋፈልነው ገበሬው መሬቱን በሚከፋፍልበት ስም፣ ማለትም በውርጭ፣ በደጋ፣ በወይና ደጋና በቆላ ነው። ውርጩ የቀይ ቀበሮዎቹ ነው፤ የደጋው ገደል የጭላዳዎቹ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋያማ ቁልቁለት የሽኮኮዎቹ፣ ቆላው ደግሞ የጅቦቹ ነው። ልጁ በዚህ መንገድ ሲያየው ድንበሩ የተሠመረው በንጉሥ ትእዛዝ ሳይሆን በብርዱና በሣሩ መሆኑን ያስተውላል።

በስተሰሜን የተሣለው ትልቁ ተራራ መነሻው በላስታ የሚገኘው ከ4,200 ሜትር በላይ የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ ነው። ከላስታ ተራሮች የሚነሣው ተከዜ በካርታው ላይ በሌላ ስም ይፈሳል። መሐል ላይ አገሩን ለሁለት የሚከፍለው ጥልቅ ሸለቆ የተቀዳው ከደላንታ ሥር ከሚያልፈው ከበሽሎ ነው፤ የወገል ጤና ልጆች ስሙ ተለውጦም ሳያመነቱ ለይተውታል። በስተደቡብ ምዕራብ ያለው ደን የቦረና ሳይንትን ደን ያስታውሳል። በካርታው ላይ የሰው ከተማ አንድም የለም፤ በጠርዙ ላይ ብቻ ከጎጆ የሚወጣ ቀጭን ጭስ ይታያል፣ እንስሳቱ ሰውን የሚያውቁት በጭሱና በውሻው ነውና።

አገሩ የተሰየመበት ጅብራ ሁላችንም «እንደ ጅብራ ተገትሮ» ስንል የምንጠራው ነው፤ ቆላ ያደጉ ልጆች ግን አባባሉን እንጂ ተክሉን አያውቁትም። ስለዚህ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰጥተነዋል። ጅብራ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሚያልፍ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ያወጣል፣ ዘሩን ይጥላል፣ ይሞታል። በታሪኩ ውስጥ እንስሳቱ ትውልድን የሚቆጥሩት በጅብራ አበባ የሆነው ለዚህ ነው።

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ መወዳጀታቸው ፈጠራ ነው ወይስ እውነት?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ይህን ነው፤ አንዳንድ መምህራንም «ቀበሮና ዝንጀሮ በሰላም ሲኖሩ ማሳየት ልጁን ማሳሳት አይሆንም ወይ?» ብለውኛል። መልሱ መምሪያው ውስጥ በጣም የምወደው ገጽ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር፣ በቁጥርም እጅግ ያነሰ እንስሳ ነው፤ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። ከእነዚህም ጥቂቶቹ የሚኖሩት በወሎ፣ በአቡነ ዮሴፍ፣ በደላንታና በቦረና ሳይንት ነው። የሚኖረው በወገን ነው፤ ድንበሩን በጋራ ይጠብቃል፣ ማለዳና ማታ ተሰብስቦ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ የአንዲቷን እናት ግልገሎችም ሌሎቹ ጭምር ይመግቧቸዋል። ወደ አደን ሲወጣ ግን ብቻውን ነው፤ የሚፈልገውም በግ ወይም ጭላዳ ሳይሆን ከሣሩ ሥር የሚርመሰመሱትን አይጦችና ፍልፈሎች ነው።

ጭላዳ ደግሞ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ሣር ግጦ የሚኖር ነው። በመቶዎች ሆኖ ሜዳው ላይ ሲሰማራ ከሩቅ የበግ መንጋ ይመስላል። በጎረቤታችን በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25ቱ ብቻ ነው። የመንጋው እንቅስቃሴ አይጦቹን ከጉድጓዳቸው ስለሚያስወጣቸው፣ ወይም በመንጋው መሐል ቀበሮውን ልብ ስለማይሉት ሊሆን ይችላል። ቀበሮውም ይህን ያወቀ ይመስል በጭላዳዎቹ መሐል ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እጁ ሊደርስበት የሚችለውን የጭላዳ ልጅ ቀና ብሎም ሳያይ ያልፋል፤ እነሱም ውሻ ሲያዩ ወደ ገደሉ እንደሚሸሹት ከእሱ አይሸሹም።

እኔ የጨመርኩት መሐላውን ብቻ ነው። እመት ቀዮና ጭላዳው አያ ጎፈሬ በጅብራው ሥር ተማምለው «ልጅህን ላልነካ፣ ሣርህን ላልረግጥ» የተባባሉት የእኔ ፈጠራ ነው፤ ሰላሙ ግን ከእኔ በፊት የነበረ ነው። በሦስተኛው መጽሐፍ ወጣቱ ቀበሮ መሐላውን አፍርሶ የጭላዳ ልጅ ሲያነሣ አገሩ ሁሉ የሚናወጠውም ልጁ አንባቢ ሰላሙ ስንት እንደሚያወጣ ከመምሪያው አስቀድሞ እንዲያውቅ ስለፈለግሁ ነው።

ሥዕሎቹ እንዴት ተሠሩ?

ሥዕሎቹን የሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ንድፍ ያወጣል፣ ከዚያ በውኃ ቀለም ይሠራዋል፤ ንድፉን ግን ከፎቶግራፍ ብቻ መቅዳት አልፈለግንም። ወደ ደላንታ ገደል ጫፍ በወጣንበት ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። ወንድሜ የሠራው የመጀመሪያው ጭላዳ በአራት እግሩ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ሣር በአፉ ሲግጥ የሚያሳይ ነበር። በጎቹን ይዞ አጠገባችን የቆመ እረኛ ልጅ ንድፉን በወንድሜ ትከሻ ላይ አሻግሮ ካየው በኋላ «ጋሼ፣ ይኼ በግ ነው ወይስ ጭላዳ?» አለው። ቀና ብለን ሜዳውን አየን። ልጁ እውነቱን ነበር። ጭላዳ ሣር የሚበላው ተቀምጦ ነው፤ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን አገናኝቶ ሣሩን አንድ በአንድ እየነጨ በእጁ ያጠራቅማል፤ እፍኙ ሲሞላ ወደ አፉ ይሰደዋል፤ ፊቱ ያለው ሣር ሲያልቅ ደግሞ ሳይነሣ በመቀመጫው ሸርተት ይልና ካዲሱ ቦታ ይቀጥላል። ወንድሜ ንድፉን ቀዶ እንደገና ጀመረ። አሁን በገጽ 18 ላይ የምታዩት ሥዕል ሙሉ ገጹን የያዘው አንድ የጭላዳ እጅ ነው፤ በጣቶቹ መሐል ሦስት የሣር ቅጠል ይዟል።

ደረቱንም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ሠርተነዋል። ወንዱም ሴቷም ደረታቸው ላይ ፀጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ አላቸው፤ የሴቷን ዙሪያውን ያጠሩት ትንንሽ እብጠቶች ደግሞ የጨሌ ክር ይመስላሉ። በታሪኩ ሴት ጭላዳዎች «ጨሌአችንን ከእናታችን ወረስን» የሚሉት ይህን አይቼ ነው።

በገጾቹ ዙሪያ ያለው ጌጥ ሁለት ዓይነት የሆነው ለምንድን ነው?

እውነቱና ፈጠራው እንዲለይ ነው። እንስሳው በእውነት የሚያደርገውን የሚናገሩ ገጾች በብራና መጻሕፍት ላይ እንደምናየው ባለ ሐረግ ጌጥ ታጥረዋል፤ ፈጠራ የሆኑት ገጾች ደግሞ በመሶብና በሰፌድ ጥለት ታጥረዋል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ እንኳ አንድ ጊዜ ከተነገረው «ይህ የመሶብ ገጽ ነው፣ ተረት ነው» እያለ ለታናሹ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ።

ሐረጉን ለእውነቱ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ወሎ የሥዕልና የመጽሐፍ አገር ነው፤ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሣለ ሲሆን የራሳቸውን የአቡኑን ምስል ጭምር ይዟል፤ በላሊበላ በቤተ ማርያም ጣሪያና ግድግዳ ላይም እንስሳትና አዕዋፍ ተሥለው ይታያሉ። የእንስሳትን ጠባይ ከነሥነ ምግባሩ የሚተርክ መጽሐፍም ለግዕዝ አዲስ አይደለም፤ ፊሳልጎስ ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። በፊሳልጎስ ግን የእንስሳው እውነተኛ ጠባይና ስለ እሱ የሚነገረው ድንቅ ነገር በአንድ ተቀላቅለው ይሄዳሉ። ለዛሬ ልጅ ሁለቱንም መስጠት፣ ነገር ግን ለየብቻ መስጠት ይገባል ብዬ አምናለሁ። የመሶብ ጥለቱ ደግሞ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ያለ ነው፤ ሁሉም ልጅ በየቤቱ አይቶታል፣ ተረትም የሚሰማው እዚያው መሶቡ ዙሪያ ተቀምጦ ነው።

አጥንት የሚበላ አሞራ እንዴት አበጋር ሊሆን ቻለ?

ከወሎ ውጪ ላሉ አንባቢዎች፣ አበጋር በአካባቢያችን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአስታራቂነት ክብር ያለው ሰው ነው፤ ደም የተቃቡትን ሳይቀር ያስታርቃል፣ ቃሉም ይከበራል። በተከታታዩ ውስጥ ይህን ቦታ የያዘው አበጋር ጢሞ፣ አገጩ ሥር ጢም የመሰለ ላባ ያለው ትልቅ ጥንብ አንሣ ነው። አንዳንድ ወላጆች ጥንብ አንሣን በእንዲህ ያለ የከበረ ቦታ ማስቀመጥ እንዳስከፋቸው ጽፈውልኛል፤ ቅሬታቸውን በአክብሮት ተቀብያለሁ፣ ነገር ግን ምክንያቴን ልስጥ።

የዚህ አሞራ ምግብ በአብዛኛው ሌላው በልቶ የተወው አጥንት ነው። ትልቁን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና በድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ካልተሰበረ ወርዶ ያነሣዋል፣ ደግሞ ይወጣል፣ እስኪሰበር ድረስ ይመላለሳል። ብዙ ጊዜም ለዚህ የሚጠቀምበት የታወቀ ድንጋይ አለው። ስለዚህ በጅብራ አገር ውስጥ ከማንም ጋር ደም ያልተቃባ እሱ ብቻ ነው፤ የማንንም ልጅ አልነጠቀም፣ የሁሉንም ሙታን ግን ያውቃል። አስታራቂ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? ደረቱና አንገቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለምም አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ብረት በበዛበት ቀይ አፈርና ጭቃ ራሱን እያሸ የሚያመጣው ነው። በታሪኩ እያንዳንዱን ዕርቅ ከጨረሰ በኋላ ወደ ቀዩ ምንጭ ሄዶ ሲታጠብ የሚታየው ከዚህ የተወሰደ ነው።

እንስሳቱ ለምን «አንቱ» ይባባላሉ?

የከተማ ልጆች «እርስዎ» የሚለውን ስለለመዱ «አንቱ» እንግዳ ሆኖባቸዋል። በወሎ ገጠር ግን ታናሽ ታላቁን የሚያከብረው «አንቱ» ብሎ ነው። የመምሪያው ገጽ 70 ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ በሥዕል ያሳያል፤ ወጣቶቹ አበጋሩን «አንቱ» ይላሉ፣ እሱም መልሶ «የኔ ዓለም» ይላቸዋል፤ እኩዮች «አንተ»ና «አንቺ» ይባባላሉ፤ በተረታችን የኖሩት «አያ» እና «እመት» ደግሞ እንዳሉ ተጠብቀዋል። በሁለተኛው መጽሐፍ ቀበሮው አያ ጎፈሬን ባንድ ጊዜ ከ«አንቱ» ወደ «አንተ» ሲያወርደው ጠብ መነሣቱን ልጁ የሚረዳው ይህን ገጽ ካየ ነው።

ጅቦቹን የምትመራቸው ለምን ሴት ሆነች? አያ ጅቦስ የት ሄደ?

አያ ጅቦ አለ፤ አለቃው ግን እሱ አይደለም። በእውነተኛው የጅብ መንጋ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይገዝፋሉ፣ ይመራሉም፤ ወንዱ በመንጋው ውስጥ ያለው ቦታ ዝቅ ያለ ነው። በተረታችን አያ ጅቦ ሁልጊዜ የሚታለለውና የሚራበው ለምን እንደሆነ ለልጆች ስነግራቸው «እናቱን ስላልጠየቀ ነው» ያለችኝ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አባባሏ በአራተኛው መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው መባሉ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ገጹም በሐረግ የታጠረ ነው። ከዛሬ እንስሳት ሁሉ ለሽኮኮ የቅርብ ዘመድ ከሚባሉት አንዱ ዝሆን ነው። በድንጋይ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ሽኮኮ ጠላት ሲያይ በጩኸት ሌሎቹን የሚያስጠነቅቅ መሆኑም እውነት ነው። የዝሆኑን ዘውድ ፍለጋ መሄዱ ግን የመሶብ ገጽ ነው።

መዝሙሮቹ በምን ቅኝት ናቸው?

መጽሐፉ ኖታ የለውም፤ የእያንዳንዱ ወገን ዘፈን በየትኛው ቅኝት እንደሚዜም ግን ተጠቁሟል። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ ናቸው፤ የቀበሮዎቹን አምባሰል፣ የጭላዳዎቹን ባቲ አድርገነዋል። ከገደላቸው የተፈናቀሉት ወገኖች የሚያዜሙት በትዝታ ነው። አንቺ ሆዬ ለሠርጉ ቀርቷል።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?

ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ራሱ ሊያነበው ይችላል፤ ከዚያ በታች ያለው ከታላቅ ጋር ቢያየው መልካም ነው። የውርጭ ሌሊትና የጅቦቹ ዋሻ የሚሉት ሁለት ሥዕሎች ጨለማ ስለሚበዛባቸው ማታ ከመኝታ በፊት ባይታዩ ይመረጣል።

መምህራን ገጾቹን ማባዛት ይችላሉ?

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፉና የሥዕሉ መብት የእኔና የወንድሜ ነው። እኛ ግን በመጽሐፉ መጨረሻ ያሉትን ያልተቀቡ ስምንት ሥዕሎች ማንኛውም መምህር ለክፍሉ ልጆች እንዲያባዛቸው ፈቅደናል፤ ልጆቹ ቀለም እንዲቀቧቸው የተተዉ ናቸው። ለሽያጭ ማባዛት ግን አይፈቀድም።

በእኔ ቅጂ ላይ የጭላዳው ደረት ቡናማ የሆነው ለምንድን ነው?

ከመጀመሪያው እትም በአንዳንዶቹ ቅጂዎች ላይ ይህ ስሕተት አለ። ቀለም ያለው መጽሐፍ የሚታተመው አራት ቀለሞች አንዱ በሌላው ላይ እየተደረቡ ነው፤ ቀዩ ሥር ጥቁሩ ትንሽ እንኳ ከበዛ ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ያሳተምንበት ማተሚያ ቤት ከመሐል ማሽኑ ተስተካክሎ ሲቀጥል ቀለሙን መልሶ አላመሳከረውም፤ እኔም የሙከራውን ገጽ ያየሁት ማታ በአምፖል ብርሃን ስለነበር ልዩነቱ አልታየኝም። ለአንድ የሥዕል መጽሐፍ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ልጁ በመምሪያው አይቶ ተራራ ላይ የሚያገኘው ጭላዳ አንድ መሆን አለበት። ስለዚህ ቡናማው ቅጂ የደረሳችሁ ሁሉ ለገዛችሁበት መደብር መልሳችሁ ያለ ክፍያ በተስተካከለው መለወጥ ትችላላችሁ። ልጁ ስሙን ጽፎበት፣ ቀለም ቀብቶበት ቢሆንም ይለወጣል።

ልጄ መጽሐፉን ካየ በኋላ ቀይ ቀበሮ ካላየሁ አለ፤ ምን ላድርግ?

ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአቡነ ዮሴፍ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራና በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ከአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ ጋር መውጣት ይቻላል። ወፍራም ልብስና ብዙ ትዕግሥት ያዙ፤ ጭላዳውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ቀበሮውን ግን ቀኑን ሙሉ ላታዩት ትችላላችሁ።

ውሻችሁን ከቶ ይዛችሁ አትውጡ። ቀይ ቀበሮን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋነኞቹ የእርሻ መስፋፋትና ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ናቸው፤ በሽታው አንድ ጊዜ ከገባ አንድን ወገን በጥቂት ሳምንታት ሊጨርስ ይችላል። መምሪያው ገጽ 44 ላይ በሐረግ ታጥሮ የተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሞተም ሆነ የታመመ ቀበሮ ወይም ውሻ አትንኩ፣ ለታላቅ ንገሩ። በተራራው ግርጌ የምትኖሩ ወላጆች ውሻችሁን ብታስከትቡ ለልጃችሁም ለእመት ቀዮም ትደርሱላቸዋላችሁ።

በመምሪያው ውስጥ የተሳሳተ ነገር አግኝተናል፤ ይታረማል?

ይታረማል፤ እስካሁን የደረሱኝን እርማቶች ሁሉ ለሁለተኛው እትም ይዣለሁ። በቁራው ሥዕል ላይ ከማጅራቱ በላይ ያለው ነጭ ምልክት አንሶ ነበር፤ ተስተካክሏል። በካርታው ላይ ሁለት ወንዞች ወደ ዳገት የሚፈሱ መስለው ተሥለዋል፤ ይህን የጠቆመን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን ገጽ 31 ላይ ያለው፣ «የት አደሩ?» ለሚለው ለዚያ ለጥንቱ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ነው። የእመት ቀዮ ቤተሰብ በሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቃቅፎ ሲያድር አሳይተናል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ እውነት ግን አይደለም፣ እኛም በሐረግ አጥረነዋል። ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ የሚገባው ግልገል ሲኖረው ብቻ ነው፤ አዋቂዎቹ በውርጩም ሌሊት ሜዳው ላይ ተጠቅልለው፣ አፍንጫቸውን በጭራቸው ሸፍነው ያድራሉ። ወንድሜ አዲሱን ሥዕል ጨርሷል። በእሱ ላይ ግልገሎቹ ብቻ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዓይናቸው ይታያል፤ እመት ቀዮና ሌሎቹ አራቱ ደጅ ተኝተዋል፣ ጀርባቸው ላይ አመዳይ አርፎበታል፣ ከአፍንጫቸውም በጭራቸው መሐል የሚወጣው ትንፋሽ በጨረቃው ይታያል።